የትልቋ ማማ ቤት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደሞዝም ስለ ኮንትራትም አይደለም፣ ስለ ቤት ነው።

ዱባይ በመጣሁ በዓመቴ ማዳሜ ስልኬ ላይ የእናቴን ቤት ፎቶ አየችና «እስካሁን ሳር ቤት ውስጥ ነው የምትኖሩት?» ብላ ሳቀችብኝ። መልስ አጣሁ። ማታ ፎቶውን አጠፋሁት። እናቷ ግን ሰምተው ኖሮ፣ በማግስቱ እግራቸውን ሳሻቸው «አንቺ ልጅ፣ እኔም እኮ አጅማን ባሕር ዳር ዘንባባ ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እነዚህ ፎቆች ሳይመጡ ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን ውስጥ ብዙው ሰው የሚኖረው «አሪሽ» በሚባል ቤት ነበር። እንጨት ይተከላል፣ የዘንባባ ዝንጣፊ ጎን ለጎን ይደረደራል፣ ከራሱ ከዘንባባው በተገመደ ገመድ ይታሰራል። የእኛ ሳር ክዳን ዝናብ እንዲያወርድ ይሾላል፤ የእነሱ የበጋ ቤት ግድግዳ ደግሞ ነፋስ እንዲያስገባ ሳሳ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ኤሲ የለማ! ጠላቱ እሳት ነው። በ1894 ዴራ ላይ የተነሳው እሳት አብዛኛውን ቤት በልቶታል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ሀብታም ነጋዴ ከባሕር በወጣ ኮራል ድንጋይና በጄሶ ይሠራ ነበር። አል ፋሂዲ ሰፈር የምናያቸው ባለ ነፋስ ማማ ቤቶች እንደዚያ ናቸው። ማማው በአራቱም በኩል ክፍት ስለሆነ ከየትም የመጣውን ነፋስ ይዞ ወደ ክፍሉ ያወርዳል። የጣሪያው እንጨትስ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከእኛው ከአፍሪካ! ከላሙና ከዛንዚባር በኩል በሸራ ጀልባ የመጣ የማንግሮቭ እንጨት ነው። ክፍሎቹ ጠባብ የሆኑትም እንጨቱ ከዚያ በላይ ስለማይደርስ ነው።

በ1966 ዱባይ ነዳጅ ተገኘ፣ አሪሹም እየፈረሰ ሄደ። ሻርጃ ላይ በ1820 ገደማ የተሠራው የገዢዎቹ ምሽግ አል ሂስን እንኳ በ1969 መፍረስ ጀመረ። ካይሮ ይማሩ የነበሩት ሼክ ሱልጣን ሰምተው በጥድፊያ ተመለሱ፤ ያተረፉት ግን አንድ ግንብ ነው። ኋላ ራሳቸው ገዢ ሲሆኑ መልሰው አሠሩት።

ባለፈው ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ሺንዳጋ ሄድን። ለማሳያ የቆመ አሪሽ አለ። ልጆቹ «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁ። ትልቋ ማማ «የእኔ» አሉ። ማዳሜ ዝም አለች።

አሁን ለእናቴ ቆርቆሮ ቤት እያሠራሁ ነው። ይገባታል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚያፈስ ጣሪያ ስር ሳህን ስትደግን ነው ያደግሁት። ወንድሜን ግን «ጎጆዋን እንዳታፈርሳት፣ ማድ ቤት ትሁን» አልኩት። ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ የክዳኑን አስተሳሰር አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በደቦ ያቆሟትን ሰዎች ስምም ከእናቴ ጠይቆ ጻፈልኝ። ያን ፎቶ አላጠፋውም።

እናንተስ፣ ያደጋችሁበት ቤት ምን ዓይነት ነበር? ማን ሠራው?