የላታ ደብዳቤ

እ.ኤ.አ. በ1831 ኮሌራ በሰንደርላንድ ወደብ በኩል እንግሊዝ ገባ። ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው ኦፒየም፣ ካሎሜል የተባለው የሜርኩሪ መድኃኒትና ደም መቅዳት ነበር። ሰውነቱ ተሟጦ ለደረቀ ሰው ደሙን መቅዳት! ያኔ ግን ደንበኛ ሕክምና ነበር።

ዊልያም ኦሾነሲ የተባለ የ22 ዓመት አየርላንዳዊ ሐኪም ሰንደርላንድ ሄዶ የበሽተኞችን ደም መረመረ። ደሙ ውኃውንና ጨዉን አጥቶ መወፈሩን «ላንሴት» ለተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፈ፤ የጠፋው በደም ሥር እንዲተካም ሐሳብ አቀረበ።

ሐሳቡን በሰው ላይ የሞከረው በኤድንብራ አጠገብ በሊዝ ወደብ ይሠራ የነበረው ቶማስ ላታ ነው። በሜይ 1832 የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም ይነበባል። የመጀመሪያዋ ታካሚ መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮባት ተስፋ የተቆረጠባት አሮጊት ነበረች። ላታ በክንዷ የደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ለብ ያለ የጨውና የሶዳ ውኃ ቀስ እያለ ጨመረ። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ቆይቶ ትንፋሿ ቀለል አለ፤ የጎደጎደው ዓይኗ በራ፤ ጠፍቶ የነበረው የደም ሥር ትርታዋ ተመለሰ። በግማሽ ሰዓት 3 ሊትር ገደማ ከገባላት በኋላ ደኅና መሆኗን በጠንካራ ድምፅ ተናገረች። ላታም ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ሰጥቷት ሄደ። ትውከቱና ተቅማጡ ግን ተመለሰ፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሞተች። ሕክምናው ቢደገምላት ኖሮ እንደምትድን ላታ አልተጠራጠረም።

እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ጤነኛ ሰው ውኃ ሲያንሰው አንጎሉ ጥማትን ይቀሰቅሳል፤ ኩላሊት ሽንት እንዲቆጥብ የሚያዝ ሆርሞንም ያስለቅቃል። ኮሌራ ግን በሰዓት እስከ 1 ሊትር ውኃ ከነጨዉ በአንጀት ሊያስወጣ ስለሚችል፣ ኩላሊት ሽንቱን ጨርሶ ቢያቆም እንኳ አያካክሰውም። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ሙላት አይበቃም፤ የወጣውን ያህል እየተከታተሉ መተካት ያስፈልጋል። ሌሎች ሐኪሞች ዘዴውን በሞት አፋፍ ላይ ባሉ በሽተኞች ላይ ሞክረው ብዙዎቹ ሲሞቱባቸው ተዉት። ላታ ራሱ በ1833 አረፈ።

የወጣውን እየተከታተሉ መተካት በአፍም እንደሚቻል ኋላ ታየ። በ1971 በሕንድ ድንበር ከተማ ቦንጋኦን፣ የቤንጋል ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውኃ አዘጋጅቶ አስታማሚ ቤተሰቦች ሳያቋርጡ እንዲያጠጡ አደረገ፤ ግሉኮሱ አንጀት ጨዉን እንዲቀበል ይረዳል፣ ውኃውም ጨዉን ተከትሎ ይገባል። በስደተኞቹ ካምፕ የሚሞተው ሰው ከ30 በመቶ ገደማ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።