ሕዋሳት መቼ እንደሚከፈሉ፣ መቼስ እንደሚሞቱ እንዴት ያውቃሉ?

የአንድ አዋቂ ሰው አካል ወደ 30 ትሪሊዮን ገደማ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል። እነዚህ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ተሠርተው ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉ አይደሉም። ቀይ የደም ሕዋስ ከ120 ቀናት ገደማ በኋላ ያበቃለታል። የአንጀትን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍኑት ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ረግፈው በሌሎች ይተካሉ። የአጥንት መቅኒ ብቻውን በየሰከንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያመርታል።

ይህ የማያቋርጥ መታደስ ሚዛኑን የሚጠብቀው እያንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ውሳኔዎችን በትክክል ሲወስን ነው፦ መቼ መከፈል እንዳለበትና መቼ መሞት እንዳለበት። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ላይ ሲዛቡ ካንሰር ይፈጠራል። ሳይንስ ይህን የተረዳው ከእርሾ፣ ከባሕር እንስሳትና ከጥቃቅን ትሎች ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሕጻናት ላይ የታየ አንድ የካንሰር ዓይነትም ለዚህ ዕውቀት ትልቅ ድርሻ አለው።

የሕዋስ ዑደት ምንድን ነው?

አንድ ሕዋስ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ በአራት ምዕራፎች ያልፋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያድጋል፤ ለመከፈል የሚያስፈልገውን ኃይልና ቁሳቁስም ያከማቻል። በሁለተኛው ዲኤንኤውን ሙሉ በሙሉ ይቀዳል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ይህ ማለት በ46 ክሮሞዞሞች ላይ የሰፈሩ ስድስት ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላትን መገልበጥ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ቅጂው ይመረመራል፤ ስህተት ከተገኘም ይታረማል።

አራተኛው ምዕራፍ መከፈሉ ራሱ ነው። ጥንድ ጥንድ የሆኑት ክሮሞዞሞች በቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች እየተሳቡ ወደ ሁለት ጎን ይለያያሉ። ከዚያም የሕዋሱ መሐል እየጠበበ ሄዶ ሁለት ሕዋሳት ይወጣሉ። በላቦራቶሪ ውስጥ በፍጥነት የሚባዙ የሰው ሕዋሳት ዑደቱን በ24 ሰዓት ገደማ ያጠናቅቃሉ። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚወስደው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ሁሉም ሕዋሳት በዚህ ዑደት ውስጥ አይደሉም። አብዛኞቹ የነርቭ ሕዋሳት አንዴ ከተፈጠሩ ወዲህ አይከፈሉም። የጉበት ሕዋሳት ግን በዕረፍት ላይ ይቆዩና ጉበት ሲጎዳ ወደ ዑደቱ ይመለሳሉ።

ሞተሩና ፍሬኑ

ዑደቱን የሚያንቀሳቅሰው ምን እንደሆነ የታወቀው በሦስት ተመራማሪዎች ሥራ ነው። አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል ዳቦ በሚቦካበት እርሾ ላይ ባደረጉት ጥናት ዑደቱን የሚቆጣጠሩ በርካታ ዘረ መሎችን ለዩ። እንግሊዛዊው ቲም ሃንት በ1982 እሾሃማ በሆነ የባሕር እንስሳ እንቁላል ውስጥ፣ በእያንዳንዱ መከፈል ወቅት መጠኑ ከፍ ብሎ ድንገት የሚጠፋ ፕሮቲን አገኙ። ስሙንም ሳይክሊን አሉት።

ሌላው እንግሊዛዊ ፖል ነርስ በሌላ የእርሾ ዝርያ ውስጥ መከፈልን የሚያስጀምር ዘረ መል ለዩ። በ1987 ደግሞ ቡድናቸው የሰውን አቻ ዘረ መል ወስዶ ይህ ዘረ መል በተበላሸበት እርሾ ውስጥ ሲያስገባው እርሾው መከፈሉን ቀጠለ። እርሾና ሰው አንድን ሞተር እንደሚጋሩ በዚህ ተረጋገጠ። ሦስቱ ሳይንቲስቶች በ2001 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲዲኬ የሚባል የኢንዛይም ቤተሰብ ነው። ብቻውን ሲሆን ሥራ ፈት ነው፤ ሳይክሊን ሲጣበቅበት ግን ይነቃል፤ ሕዋሱንም ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይገፋዋል። ሥራው ሲያበቃ ሳይክሊን ይፈርሳል፤ ሞተሩም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ዑደቱ ወደ ኋላ አይመለስም።

በምዕራፎቹ መካከል ደግሞ የፍተሻ ኬላዎች አሉ። ዲኤንኤው ተጎድቷል? ቅጂው ተጠናቋል? ሁሉም ክሮሞዞሞች በክሮቹ ተይዘዋል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ሕዋሱ እንዲቆም ይታዘዛል። ከዋነኞቹ ፍሬኖች አንዱ አርቢ የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ሕዋሱ በቂ የዕድገት ምልክት እስኪደርሰው ድረስ ዲኤንኤውን መቅዳት እንዳይጀምር ይዞ ያቆየዋል። ሁለተኛው በ1979 የተገኘው ፒ53 ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ፒ53 ይከማቻል፤ ዑደቱንም አቁሞ ለጥገና ጊዜ ይሰጣል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዝዛል።

ሥርዓት ያለው ሞት

ሕዋስ በቃጠሎ ወይም በመርዝ ሲሞት ያብጥና ይፈነዳል። ይዘቱ ወደ ውጭ ይፈስና በአካባቢው ቁጣና እብጠት ያስከትላል። በፕሮግራም የታዘዘው ሞት ግን ጸጥ ያለ ነው። ካስፔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ሕዋሱን ከውስጥ ይቆራርጡታል፤ ሕዋሱ ይኮማተራል፤ በሽፋን ተጠቅልሎም ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይለወጣል። ጽዳተኛ የሆኑ ነጭ የደም ሕዋሳት ይመጡና ቁርጥራጮቹን ይውጣሉ። ይህ ሞት በ1972 አፖፕቶሲስ ተባለ። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም ቅጠል ከዛፍ እንደሚረግፈው መርገፍ ማለት ነው።

ሞቱ በዘረ መል ውስጥ የተጻፈ መሆኑን ያሳየችው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ትል ናት። በዕድገቷ ወቅት ከሚፈጠሩት 1,090 የአካል ሕዋሳት ውስጥ ሁልጊዜ 131ዱ ይሞታሉ፤ 959ኙ ይቀራሉ። የሚሞቱትም በእያንዳንዷ ትል ላይ እነዚያው ናቸው። በዚህ ጥናት ሲድኒ ብሬነር፣ ሮበርት ሆርቪትዝ እና ጆን ሰልስተን በ2002 የኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል። በሰውም ላይ የፅንስ ጣቶች የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ሕዋሳት በትእዛዝ ስለሚሞቱ ነው።

ዝሆኖችም ለዚህ ሞት ጥቅም ምስክር ናቸው። ግዙፍ አካልና ረጅም ዕድሜ ቢኖራቸውም በካንሰር የሚሞቱት ጥቂት ናቸው። በ2015 ይፋ የሆኑ ጥናቶች ሰው ፒ53ን የሚሠራ አንድ ዓይነት ዘረ መል ከእናትና ከአባቱ ሲወርስ፣ ዝሆን ግን የዚህን 20 ያህል ቅጂዎች ከእያንዳንዱ ወላጅ እንደሚወርስ አሳይተዋል። የተጎዱ የዝሆን ሕዋሳትም ከሰው ሕዋሳት ይልቅ ፈጥነው ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ከካምፓላ የተነሳው ጥያቄ

በ1957 ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ትውልደ አየርላንድ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት መንጋጋው በሁሉም አቅጣጫ ያበጠ ሕጻን አዩ። ብዙም ሳይቆይ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሌላ ሕጻን ጂንጃ ውስጥ አጋጠማቸው። በ1958 ስለ በሽታው ጻፉ፤ በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በመኪና ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ መዘገቡ። የበሽታው ካርታ ወባ ከሚበረታባቸው ሞቃትና ዝናባማ ቆላዎች ጋር ገጠመ፤ በደጋው ግን ብርቅ ነበር።

ከኡጋንዳ ወደ ለንደን በአውሮፕላን በተላኩ ናሙናዎች ላይ የሠሩት አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግ እና ኢቮን ባር በ1964 አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ኤፕስታይን-ባር የተባለው ይህ ቫይረስ በሰው ልጅ ካንሰር ውስጥ የተገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ነው። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን ይዘው ያለ ችግር ይኖራሉ። ወባ በተደጋጋሚ የሚያጠቃቸው ሕጻናት ግን የተለየ አደጋ አለባቸው። ወባ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱ ሕዋሳት በብዛት እንዲከፈሉ ያስገድዳል፤ ቫይረሱ ደግሞ እነዚሁ ሕዋሳት እንዳይሞቱ ያግዛቸዋል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕዋሱ ውስጥ የሚፈጠረው ስህተት ታወቀ። ከክሮሞዞም 8 ላይ የተሰበረ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ወደ ክሮሞዞም 14 ይዛወራል። በቁራጩ ላይ ማይክ የተባለው፣ ሕዋስ እንዲከፈል የሚያዝ ዘረ መል አለ። በአዲሱ ቦታው ያለ ዕረፍት ከሚሠራው የፀረ እንግዳ አካላት ዘረ መል ጎን ስለሚያርፍ እሱም ያለ ዕረፍት መሥራት ይጀምራል። እብጠቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው።

እብጠቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በጨለማ ሰማይ ላይ የተበተኑ ከዋክብትን ይመስላል። ከዋክብቱ የሞቱ ሕዋሳትን የሚውጡት ጽዳተኞች ናቸው። ማይክ ከልክ ሲያልፍ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝ ጥበቃ ስላለ ብዙዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ይሞታሉ። የሚተርፉት እንደ ፒ53 ያለው ፍሬን የተበላሸባቸው ናቸው።

ፍሬኑን የሚያፈርሰው ቫይረስ

የማህፀን በር ካንሰርም የሚነሳው ከዚሁ ሥርዓት መፍረስ ነው። መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) ነው። አደገኛ ዝርያዎቹ ሁለት ፕሮቲኖችን ያመርታሉ፤ አንደኛው ፒ53ን ያስፈርሳል፣ ሁለተኛው አርቢን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን ያስወግደዋል። ለዓመታት ከቆየ ግን ፍሬን አልባ የሆኑት ሕዋሳት ስህተት እያከማቹ ይሄዳሉ።

ከዚህ ካንሰር ከአሥሩ ሰባት ያህሉን የሚያመጡትን 16 እና 18 ቁጥር ዝርያዎች የሚከላከል ክትባት አለ። ሩዋንዳ ክትባቱን በ2011 በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመረች። ኡጋንዳ፣ ኢትዮጵያና ኬንያም ተከትለዋታል። ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ ክትባቱን የጀመረችው ዕድሜያቸው 14 ለሆነ ልጃገረዶች ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2030 ከመቶ ልጃገረዶች 90ው 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ ግብ አስቀምጧል።

ሕክምናው ዑደቱን እንዴት ያቆማል?

ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚሁ ዑደት ላይ ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ የሕዋሱን ዲኤንኤ ይጎዳል። ከማዳጋስካር አበባማ ተክል የተገኘው ቪንክሪስቲን ክሮሞዞሞችን የሚስቡት ክሮች እንዳይዘረጉ ያደርጋል፤ ሕዋሱ በፍተሻ ኬላው ላይ ይቆምና ይሞታል። መድኃኒቶቹ ካንሰርን ከሌላ ፈጥኖ ከሚከፈል ሕዋስ ስለማይለዩ የፀጉር ሥርንና የአንጀትን ግድግዳም ይነካሉ። የፀጉር መርገፍና ማቅለሽለሽ የሚመጡት ለዚህ ነው።

በርኪት ራሳቸው በ1960ዎቹ በእነዚህ መድኃኒቶች የዳኑ ሕጻናትን አይተዋል። ዛሬ በሀብታም አገራት በዚህ ካንሰር ከተያዙ አሥር ሕጻናት ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ ቦታዎች ግን የሚድኑት ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ዘግይቶ ሐኪም ቤት መድረስ፣ የምርመራ እጥረትና የመድኃኒት መቋረጥ ከዋነኞቹ ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። በቀናት ውስጥ የሚያድግ የመንጋጋ ወይም የሆድ እብጠት፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ የታየበት ሕጻን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።