ኩረጃና ትርጓሜ (ፍልስፍና)

ኩረጃና ትርጓሜ በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ፍልስፍና ውስጥ የውጭ ዕውቀትና የኢኮኖሚ ሥርዓት እንዴት ሊወሰድ እንደሚገባ በሚደረገው ክርክር የሚነሡ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው። ኩረጃ የሌላውን ሥራ መልኩን ብቻ ወስዶ መድገም ነው። ትርጓሜ ግን ከመልኩ በስተጀርባ ያለውን ምሥጢር መርምሮ ከራስ ኑሮ ጋር ማገናዘብ ነው።

ታሪካዊ ምሳሌ

ከእብናት በስተደቡብ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አሠርተዋል። ከእነዚህ ትልቁ፣ ሴባስቶፖል የተባለው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሲሞቱ የጋፋት ሥራ ቀጣይ አላገኘም። ዕቃውን መሥራትና ዕውቀቱን በአገር ውስጥ ማስቀረት የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ታሪክ ያሳያል።

በካፒታሊዝም ላይ የቀረበ ሂስ

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆናቸውን ያስረዳሉ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም ይለውጣል። ስለዚህ የውጭ ሸቀጥ መግዛት ብቻውን ሥልጣኔ አይሆንም፤ ገዢውን ጥገኛ ያደርገዋል።

ሂሱ ራሱም ከኩረጃ ወቀሳ አላመለጠም። መሳይ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ የተማሪዎቹን ንቅናቄ ማርክሲዝም ከባህላቸው ከነቀላቸው ምዕራባዊ ትምህርት ጋር ያያይዙታል። ይርጋ ገላው ወልደየስም እ.ኤ.አ. በ2017 ዘመናዊውን ትምህርት «አገር በቀል ቅኝ ግዛት» በሚል ሐሳብ ተችተው፣ ትርጓሜን እንደ አማራጭ አቅርበዋል።

ቅኔ እንደ ሂስ ዘዴ

ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። በሰም የተቀረጸው ቅርጽ በጭቃ ይለበጣል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። በቅኔም ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል፣ ወርቁ የተሰወረው ፍቺ ነው። በአንድምታ ደግሞ መምህሩ «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ ይሰጣል።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ይህ አሻሚነት ለዘመናዊነት እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ማይምሬ መናሰማይ ግን ቅኔን የሂስ ፍልስፍና መሣሪያ ያደርጉታል። በእርሳቸው አመለካከት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ያልተፈጸሙ የነጻነትና የፍትሕ ምኞቶች አሉ፤ የተርጓሚው ሥራ እነዚህን ማውጣት ነው።

ክርክር

በዚህ አተያይ ላይ የሚነሣው ዋና ጥያቄ፣ የቤተ ክህነት የትርጓሜ ዘዴ ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ ልዩ ልዩ ባህሎች ሁሉ ይበቃል ወይ የሚለው ነው። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ትርጓሜ የገበሬውንና የሠራተኛውን ኑሮ በተግባር እንዴት ሊለውጥ ይችላል የሚለው ነው።