ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ነዋሪ የስልክ ደህንነት ሥልጠና ማን ይክፈል?

በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪ፣ በጌዶና በባኮ የብዙ ሰው ገንዘብ አሁን ስልክ ውስጥ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ተጀምሮ ዛሬ በአገር ደረጃ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው። ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። በዚያው ዓመት ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲደረግ የባጃጅ ሾፌሩም ወደደም ጠላም ገባበት። «ወደ ዲጂታል ግቡ» የሚለው ትዕዛዝ ብዙ ነው። «ስትገቡ እንዲህ ተጠንቀቁ» ብሎ ለሚያስተምረውስ ማን ይከፍላል? ያለውን በጀትና መንገድ እንዲህ ሰብስበነዋል።

📌 አጭበርባሪው እንዴት ይሠራል?

አብዛኛው ሌብነት ረቂቅ ቴክኖሎጂ የለበትም። ደዋዩ «ከቴሌ ነው፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ከባንክ ነው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» ይላል፤ ከዚያ በመልእክት የመጣውን ቁጥር ያስነብባል። ሌላው የሐሰት መልእክት ልኮ «በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ይላል። ገበያ ላይ ደግሞ የተቀናበረ የክፍያ ፎቶ አሳይቶ እህል ወይም በግ ጭኖ የሚሄድ አለ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው በራስ ቋንቋ የሚሰጥ የሁለትና የሦስት ሰዓት ትምህርት ነው እንጂ የኮምፒውተር ዲግሪ አይደለም።

📌 ገንዘቡና ዕድሉ የት አለ?

1. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና፦ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 የተጀመረ ነው። ነፃ ነው፤ ለተማሪና ለሥራ ፈላጊ ወጣት ይጠቅማል። ነገር ግን ኮርሱ በእንግሊዝኛና በኢንተርኔት ነው፣ ትምህርቱም ፕሮግራሚንግና ዳታ ነው። የጌዶ ገበሬ እዚህ ውስጥ የለም።

2. የዓለም ባንክ፦ በ2013 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ዲጂታል ፋውንዴሽን ፕሮጀክት 200 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ትኩረቱ የቴሌኮም ገበያው፣ የመንግሥት ተቋማት ኔትወርክና የዲጂታል ንግድ ነው።

3. የሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድ፦ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ 1148/2011 ያነሳዋል። ዓላማው ገበያው ያልደረሰበትን ሕዝብ ማድረስ ነው። ኔትወርክ ሲደርስ ጥንቃቄውም አብሮ እንዲደርስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

4. ዩኒቨርሲቲ፦ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከማስተማርና ከምርምር ሌላ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አሉት፤ ብዙዎቹም አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው።

5. ዕድርና የገንዘብ ቁጠባ ማኅበር፦ የራሳቸው መዋጮና ሰው የሚሰበሰብበት ቀን አላቸው። ውጭ ድጋፍ እስኪመጣ ካልጠበቅን ከዚህ መጀመር ይቻላል።

📌 ዋናው ክፍተት ቋንቋ ነው

ቴሌብር ራሱ በአፋን ኦሮሞ ይሠራል። ማስጠንቀቂያውና ሥልጠናው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ግን መክፈቻውን ሰጥቶ መዝጊያውን መንሳት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ወረቀት ቢታደለው አይጠቅመውም። ለእሱ በድምፅ፣ በገበያ ቀን፣ ስልኩን በእጁ ይዞ መሆን አለበት። የራሷ ስልክ የሌላት፣ በልጅ ወይም በባል ስልክ የምትጠቀም ሴትም ተለይታ መታሰብ አለባት።

ሩዋንዳ የሠራችውን እንይ። የአካባቢውን ወጣቶች አሠልጥና «የዲጂታል አምባሳደር» ብላ በየወረዳው አሰማርታለች፤ ነዋሪውን በገዛ ቋንቋው ያስተምራሉ። ወጪውም የቀለለ ነው፤ ዋናው የወጣቱ አበልና ትራንስፖርት ነው። በምዕራብ ሸዋ ሥራ ፈልጎ የተቀመጠ ወጣት ስንት እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ።

📌 ድጋፍ ስትጠይቁ

ማኅበር ሆናችሁ ለወረዳ፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለድርጅት ስትጽፉ እነዚህን አስገቡ፦
• ስንት ሰው፣ የትኛው ቀበሌ፣ በምን ቋንቋ
• የአሠልጣኝ አበል፣ ትራንስፖርት፣ የካርድና የሕትመት ወጪ ተለይቶ
• ከሥልጠናው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ስንት ሰው እንደተጭበረበረ የምትቆጥሩበት መንገድ
• የሠልጣኞች ስምና ስልክ ቁጥር ለሌላ እንደማይሰጥ ቃል (የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ)

አሠልጣኝ ነኝ ብሎ የሚስጥር ቁጥራችሁን ወይም የፋይዳ ቁጥራችሁን የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ እሱ አሠልጣኝ አይደለም።

📌 ሥልጠናው እስኪደርስ

✅ የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ ለቴሌም፣ ለባንክም፣ ለዘመድም።
✅ ብር መጣ ከተባለ መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ።
✅ የክፍያ ፎቶ ክፍያ አይደለም። ገንዘቡ ሳይገባ ዕቃ አትልቀቁ።
✅ «አሁኑኑ» ብሎ የሚያጣድፍን ስልክ ዝጉና ራሳችሁ መልሳችሁ ወደ ተቋሙ ደውሉ።
✅ ከተጭበረበራችሁ ወዲያው ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ወይም ለባንካችሁ ደውሉ። መልእክቱን አታጥፉ፤ ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ይህን በወንጀል ያስጠይቃል።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናትና አባት በአፋን ኦሮሞ አንብቡላቸው። ለጊዜው ያለው ሥልጠና እሱ ነው፤ በጀትም አይጠይቅም።