የአርመን ስደተኞች ማዕድ በኢትዮጵያ

አርመንና ኢትዮጵያ በአገር ርቀት ቢለያዩም በሃይማኖት ከጥንት ጀምሮ እኅትማማች ናቸው፤ ሁለቱም የኬልቄዶንን ጉባኤ አልተቀበሉምና። ንግሥት እሌኒም ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርጋ የላከችው ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ነበር። የብዙዎቹ መምጣት ግን ከመከራ በኋላ ነው። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት በአርመኖች ላይ እልቂት በተጀመረ ጊዜ ወላጆቻቸውን ካጡት ሕፃናት አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠለሉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ የሕፃናቱን ሙዚቃ ሰምተው 40ውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማም በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። ስለ መለከቱ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ማዕዱ ግን ጥቂት።

በአገራችን በክርስቲያኑ ዘንድ አራጁ ያልታወቀ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ የሚመረመረው ገበታው ነው። አርመኖች ማታግ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ካህኑ ጨው ይባርካል፥ ከብቱም የተባረከውን ጨው ከላሰ በኋላ ይታረዳል፥ ሥጋውም ተቀቅሎ ለድኃና ለጎረቤት ይታደላል እንጂ አይሸጥም። ዝክር ዘክሮ ነዳያንን ያበላ ኢትዮጵያዊ ይህን ቢያይ እንግዳ ነገር አየሁ ሊል አይችልም። በዐቢይ ጾምም ሁለቱ ከሥጋና ከወተት ይከለከላሉና፥ አርመናዊት እመቤት ሩዙን በወይን ቅጠል ጠቅልላ በዘይት የምታበስለው ዶልማ ከምስር ወጥ ጎን ቢቀርብ ጾመኛውን አያስቀይምም። በእመቤታችን ፍልሰት በዓል ደግሞ ወይን በቤተ ክርስቲያን ተባርኮ ለምእመናን ይታደላል፤ ከዚያ በፊት የአዲሱን ዓመት ፍሬ አለመቅመስ የቆየ ልማዳቸው ነው።

ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። አርመኖች ለቅዳሴ ያልቦካ ኅብስት ያቀርባሉ፥ በወይኑም ውኃ አይጨምሩም፤ በዚህ ነገር የሊቃውንት ክርክር አለ። ለጎረቤት የሚላከው ሳህን ግን የክርክሩን ፍጻሜ አልጠበቀም።

በ1920ዎቹም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠሩ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻቸው ከአርመንኛው ጋር አማርኛ ተናገሩ፥ በርበሬውንም ለመዱ። በ1967 ዓ.ም. ቤቱና ንብረቱ በመንግሥት በተወረሰ ጊዜ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ ሄዱ፤ ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። ከሄዱትም መካከል እስከ ዛሬ በቤታቸው ዶሮ ወጥ የሚሠሩ፥ እንጀራም የሚቈርሱ አሉ።