የንጋት ጥሪ፦ የዓሦች የኬሚካል ምልክትና ሰዓቱ፣ ከሐር ትል እስከ ጣና



ስሙን ከልብስ ስፌት ባገኘው በዚህ በሀይሌ ጋርመንት ስለ ዓሣ መናገሬ ያስገርም ይሆናል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከሐር ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንትና ባልደረቦቹ ሃያ ዓመት ገደማ ደክመው፣ ግማሽ ሚሊዮን ከሚሆኑ የሐር ትል ቢራቢሮዎች፣ ሴቴዋ ወንዱን የምትጠራበትን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1959 ለዩ። በዚያው ዓመት ፒተር ካርልሰንና ማርቲን ሉሸር እንዲህ ያለውን መልእክት «ፌሮሞን» ብለው ሰየሙት።

በዓሦች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን ስቴሲ፣ ፒተር ሶረንሰንና ባልደረቦቻቸው በወርቃማው ዓሣ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ እንግዳ ውጤት አወጡ፤ ጥሪው የሴቴዋ የመራቢያ ሆርሞን ራሱ ነበር። ከሰውነቷ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ወንዱም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከግራም አንድ ቢሊዮንኛ ያነሰውን እንኳ ያሸታል።

ሆርሞኑ ደግሞ ሰዓት አለው። ውሃው ሲሞቅና ተክል ሲኖርበት፣ እንቁላል የሚያበስለው የሆርሞን ማዕበል ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሌሊቱን ያይላል፤ እንቁላሉ የሚወጣው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። የመጀመሪያው ምልክት በጨለማ ወንዱን ያዘጋጀዋል፤ የዘር ፈሳሹም ይበዛል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ሌላ ምልክት፣ ፕሮስታግላንዲን፣ ይከተላል፤ ወንዱም ማሳደድ ይጀምራል። ቀኑን ከንጋት ለምንቆጥር ለእኛ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይመስለኝም። የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ መልእክቱን የሚያስተረጉመው ኬሚካሉ ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት ሰዓት ጭምር ነው።

የአምባዛን ነገር ባጭሩ ላንሳ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ እንቁላሏ የደረሰ ሴቴ አምባዛ ወደ ወንዱ የምትሳበው እሱ በሚለቀው የስቴሮይድ ውህድ እንደሆነ አሳይተዋል። እዚያ ጠሪው ወንዱ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። ዓሣ አጥማጆች «ነጭ ዓሣ» የሚሉት ወገን የወርቃማው ዓሣ ዘመድ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከዚያው ሐይቅ ዝርያዎችን መዘገበ። በ1990ዎቹ ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከቫገኒንገን መጥተው 15 የሚሆኑ ዝርያዎችን ለዩ። ከእነዚህ አያሌዎቹ በክረምቱ ማብቂያ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች አፍ ተሰብስበው፣ ወደ ላይ ወጥተው በጠጠራማ ገባር ወንዞች ይራባሉ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ ከተጀመረ ወዲህ ግን ክምችታቸው በእጅጉ ወረደ፤ በ1990ዎቹ ብቻ ወደ 75 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

መረቡ ማታ ይዘረጋል፤ ጠዋት ይሰበሰባል። ከላይ ካነሳሁት የዘመዳቸው የሌሊት ሰዓት ጋር አስተያዩት።

ስለ መዝጊያ ወቅት ስንከራከር ወር እንቆጥራለን፤ እኔ ሰዓትም እንቁጠር እላለሁ። ወንዞቹን አፍ ሙሉ ወቅቱን መዝጋት የማይቻል ከሆነ፣ በፍልሰቱ ጉልህ ሳምንታት ከምሽት እስከ ንጋት መረብ አለመዘርጋት የሚሞከር ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ዓሣው መረቡን የማያየው በጨለማ ስለሆነ፣ አጥማጁ የሚያጣው ከሁሉ የተሻለውን ሰዓት ነው።