ከዝምታ ወደ ማኅበር፤ የቬትናም ጦር ምርኮኞች ሚስቶች ታሪክ

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የዘመተው፣ የወደቀውና የተማረከው ይቆጠራል፤ ደጅ ደጁን እያየች የቀረችው ሚስት ግን እምብዛም አትነሣም። ይሁን እንጂ በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ምርኮኞችን ጉዳይ ከመዝገብ ቤት አውጥተው አደባባይ ያዋሉት እነዚሁ ሚስቶች ናቸው።

የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ጄምስ ስቶክዴል አውሮፕላናቸው ሰሜን ቬትናም ላይ ተመትቶ የተማረኩት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1965 ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሲቢል አራት ወንዶች ልጆች ይዘው በካሊፎርንያ፣ በኮሮናዶ ከተማ ቀሩ። መንግሥት ለእርሳቸውም ሆነ ለመሰሎቻቸው የሰጠው መመሪያ፣ ወሬው ከወጣ ምርኮኞቹ ይጎዳሉና ዝም በሉ የሚል ነበር። እርሳቸው ግን በባሕር ኃይሉ የስለላ ክፍል ርዳታ፣ ለባለቤታቸው በሚልኩት ደብዳቤ ውስጥ ምስጢራዊ መልእክት ያስተላልፉ ነበር። ከዚህም የተነሣ ምርኮኞቹ የሚደርስባቸውን ሥቃይ ከብዙዎች አስቀድመው ተረዱ።

ሰሜን ቬትናም የ1949ኙን የጄኔቫ ስምምነት በ1957 ተቀብላ ነበር። ሆኖም ጦርነት ሳይታወጅ በቦምብ የሚደበድቡን አብራሪዎች ወንጀለኞች እንጂ የጦር ምርኮኞች አይደሉም ስትል ተከራከረች። የቦምቡ ድብደባ ሕዝቧን የጨረሰ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የተማረከን ሰው ማሠቃየትና ስሙን ከቤተሰቡ መደበቅ በዚህ ምክንያት ሕጋዊ ሊሆን አይችልም። ብዙዎቹ ሚስቶች የትዳር ጓደኞቻቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ዓመታት አሳልፈዋል።

ወይዘሮ ሲቢል በጥቅምት 1968 የታዘዙትን ዝምታ ትተው ለሳን ዲዬጎ ጋዜጣ ተናገሩ። በግንቦት 1969 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜልቪን ሌርድ ራሳቸው ጉዳዩን በይፋ አነሡ። በዚያው ዓመት መጸው ሚስቶቹ ፓሪስ ድረስ ሄደው የሰሜን ቬትናምን መልእክተኞች ፊት ለፊት ጠየቁ፤ በታኅሣሥም ፕሬዚዳንት ኒክሰን ተቀበሏቸው። በቤት ውስጥ ስብሰባ የተጀመረው ኅብረት በግንቦት 1970 በዋሽንግተን ብሔራዊ ማኅበር ሆኖ ተቋቋመ።

ከ1969 መጨረሻ ጀምሮ የምርኮኞቹ አያያዝ ተሻሻለ። ምክንያቱ የሆ ቺ ሚን ሞት ነው ወይስ የቤተሰቦቹ ጩኸት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሁለቱም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። በሌላ በኩል መንግሥት የሚስቶቹን ኀዘን ጦርነቱን ለማራዘም ተጠቅሞበታል የሚል ወቀሳ ተሰንዝሯል። ከራሳቸው ከቤተሰቦቹም መካከል ጦርነቱ በቶሎ እንዲያበቃ የጠየቁ ወገኖች በ1971 ተለይተው ወጥተዋል።

የፓሪሱ ስምምነት በጥር 1973 ከተፈረመ በኋላ 591 አሜሪካውያን ከምርኮ ተመለሱ፤ ስቶክዴልም ከሰባት ዓመት በላይ ታስረው ከተመለሱት አንዱ ነበሩ። ከ1,500 የሚበልጡት ግን ዛሬም የገቡበት አልታወቀም። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ በምርኮኞቹ መመለስ አልተፈጸመም። ቤተሰብ ስለ ዘመዱ እውነቱን የማወቅ መብት እንዳለው ያስገነዘቡት፣ ሥልጣንም የጦር መሣሪያም ያልነበራቸው እነዚህ ሴቶች ናቸው።